በጠመኔ የጻፍኩላት ቃል

ባለፈው ሳምንት የጻፍኩትን ያላነበበ ሰው አይቸገር፤ እኔ የኖርኩት ሰውዬ ራሴ ገና አልገባኝም። ባጭሩ ይኸውላችሁ። እኔ በቆርቆሮ ፋብሪካ ውስጥ በገመድ ተንጠልጥዬ የጣሪያ ብሎን የምፈትሽ ሰው ነኝ። ትምህርቴ ከሰባተኛ ክፍል አላለፈም። እሷ ኢንጂነር ናት፤ የፋብሪካው ባለቤት ልጅ። የመጣችውም በእኔ ቦታ የሚበር ድሮን በሻንጣ ይዛ ነው። ተመልከቱ እንግዲህ፤ ሰው የሚወደው አጥቶ እንጀራውን ሊነጥቀው የመጣን ይወዳል።

ሥራዬን ሰው ይንቀዋል፤ ስለማያውቀው ነው። ብረቱ ከሚነከርበት ገንዳ የሚነሳው የአሲድ እንፋሎት ወደ ላይ ወጥቶ የጣሪያውን ብሎን እንደ ብል ይበላዋል። ስለዚህ በየሦስት ወሩ አንድ ሰው ሃያ ሜትር ወጥቶ እያንዳንዱን ብሎን በመዶሻ መንካት አለበት። ጤነኛ ብሎን ሲመቱት ይጮሃል። የተበላው ግን እንደ ታመመ ሰው «ድም» ብሎ ዝም ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህን ሳዳምጥ ኖርኩ። ታች ያለው ሕዝብ «ጦጣው» ይለኛል። ስሜን የሚያውቀው የክሊኒኩ ካርድ ብቻ ነው።

የፋብሪካው አሥረኛ ዓመት ሲከበር ሠራተኛው በሙሉ በረድፍ ቆሞ ፎቶ ተነሳ። እኔን «አንተ ላይ ውጣና መፈክር የተጻፈበትን ጨርቅ ያዝልን» አሉኝ። ወጣሁ፣ ያዝኩ። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ የእኔ ሁለት እግሮች ብቻ ከላይ ተንጠልጥለው ይታያሉ። ያ ፎቶ እስከ ዛሬ በቢሮው ኮሪደር ተሰቅሏል። እንግዳ ሲያልፍ «ይሄ የማን እግር ነው?» ብሎ ይስቃል። የማን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

እሷ ድሮኗን መጀመሪያ ያስነሳች ቀን ፎርማኑ ከታች ሆኖ «ጦጣዬ፣ ተተካህ!» ብሎ ጮኸ። ሠራተኛው ወዲያው ለድሮኗ «ጥንዚዛ» የሚል ስም አወጣላት። ጥንዚዛዋ እያጉረመረመች ወጥታ ፊቴ ላይ ስትቆም፣ ነፋሷ የሃያ ዓመት አቧራ ዓይኔ ውስጥ ሲከተው፣ ተናድጄ ምላሴን አወጣሁባት። ከታች የሴት ሳቅ ተሰማ። እኔ ማሽን የሰደብኩ መስሎኝ ነበር። ለካ ታች ስክሪኑ ላይ ፊቴን ከነምላሴ በሁለት እጇ ይዛው ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ያለ እኔ መሥራት እንደማትችል አወቀች። ካሜራ ያያል እንጂ አይሰማም። እኔ በመዶሻ እየመታሁ በጠመኔ ምልክት አደርጋለሁ፤ ጥንዚዛዋ እየዞረች ታነሳለች፤ እሷ ኮምፒውተር ላይ ትመዘግባለች። አንድ ቀን በሬዲዮው ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ‹ይቅር› የሚል አለ። ምን ብዬ ልመዝግበው? ይጣል ነው?»

«የምን ይጣል! ደህና ነው ማለት ነው። ባለበት ይቅር፣ አይነካ።»

«እኛ ቤት ‹ይቅር› ከተባለ እኮ ነገሩ አበቃለት ማለት ነው።»

«እሱ መሬት ላይ ነው። እዚህ ላይ ያበቃለት ‹ይቀየር› የተባለው ነው። ‹ይቅር› የተባለ ዕድሜ አለው።»

ፎርማኑ በሬዲዮው ጣልቃ ገባ። «ጦጣዬ፣ አስተማሪ ሆንክና አረፍከው!»

እሷ ግን አልሳቀችም። «አስተማሪዬ ነው» አለችው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ይቅር» የሚለውን በአረንጓዴ፣ «ይቀየር» የሚለውን በቀይ መዘገበች። እኔ ደግሞ በዚያ ቀን «ጋሼ አይበሉኝ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው» አልኳት። «እንግዲያው አንተም ‹እርስዎ› አትበለኝ» አለች። በዚህ ነው የተጀመረው።

ሬዲዮውን ዘበኛው ሳይቀር ይሰማዋል። ስለዚህ ወረቀት በጥንዚዛዋ ሆድ ላይ በፕላስተር እየለጠፈች ትልክልኝ ጀመር። የመጀመሪያው «ቁርስ በልተሃል?» የሚል ነበር። ሁለተኛው «ከሳምንት ሳምንት ሸሚዝህ ላይ አንድ ቁልፍ የለም፤ የሚተክልልህ የለም?» የሚል። ሦስተኛውን እዚህ አልጽፈውም፤ የእኔ ነው። እኔ በወረቀት አልመልስም ነበር። የእኔ ፊደል ዶሮ የጫረችው ይመስላል፤ የተማረ ሰው እጅ ላይ እንዲቀመጥ አልፈልግም። ብረት ላይ በጠመኔ ሲጻፍ ግን የማንም ፊደል ይጣመማል። ሁለት ቀን ሳይሞላው እንፋሎቱ ያጠፋዋል። እኔ እጽፋለሁ፣ ጥንዚዛዋ ቆማ ታነባለች፣ እሷ ከታች አንገቷን ደፍታ በሁለት እጇ ይዛኝ ትስቃለች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሰው እንደዚያ ይዞኝ አያውቅም።

ይህ ሁሉ እስከ ማክሰኞ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ትልልቆቹ ስብሰባ ነበራቸው። «የስክሪኑን መቆሚያ ተሸክመህ ግባ» ተባልኩ። ተሸከምኩ፤ ከዚያ ውጣም ተቀመጥም የሚለኝ ሰው ስላልነበረ በሩ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። እሷ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ታሳያለች። የእኔ ብረቶች፣ የእኔ ብሎኖች፣ የእኔ ጠመኔ። ልቤ በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ። በመጨረሻ ስክሪኑ ላይ በትልቁ አንድ መስመር መጣ፦ «ለከፍታ ሥራ ሰው አያስፈልግም።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሰባተኛ ክፍል ለዚህ ይበቃል።

አባቷ ጠረጴዛውን መታ አድርገው «እንግዲህ ጦጣችንን ከዛፉ ላይ ልናወርደው ነዋ!» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እነሱ ቢስቁ ግድ የለኝም፣ ለምጄዋለሁ። እኔ ያየሁት እሷን ነው። ፈገግ አለች። ትንሽ፣ በከንፈሯ ዳር። በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ወጣሁ።

ያቺን ፈገግታ ቤቴ ወሰድኳት። አብሬያት ተኛሁ፣ አብሬያት ተነሳሁ። አያችሁ፣ እኔ ቂም ስይዝ እንደ ሌላው ሰው አልጮህም። አስቀምጠዋለሁ። ውሃ አጠጣዋለሁ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ጣሪያውን ከተሸከሙት ብረቶች ሦስተኛው ጋ ተንጠልጥዬ ሳለ ጥንዚዛዋ መጣች። ወረቀቱ ከወትሮው ረዘም ያለ ነው፤ ፊደሏ ይንቀጠቀጣል።

«እሁድ ምሳ ላይ ስለ አንተ ለአባቴ ልነግረው ነው። በስድስት ሰዓት ቤታችን እንድትመጣ እፈልጋለሁ። አፌን ከመክፈቴ በፊት ግን ያንተን ልስማ። የእኛ ነገር ምን ይሁን?»

ምን ይሁን? ማክሰኞ «አያስፈልግም» ብለሽ አልጻፍሽም? ሕዝብ ሲስቅብኝ አብረሽ አልሳቅሽም? ጠመኔውን አወጣሁና በክንድ በክንድ ቁመት፣ ባለ በሌለ ጉልበቴ ጻፍኩት፦ «ይቅር»። የመጨረሻው ፊደል ላይ ጠመኔው ተሰበረ፤ በስባሪው ጨረስኩት። ይብቃን፣ ይረሳ፣ ተይው ማለቴ ነው።

ጥንዚዛዋ ቃሉ ፊት ቆመች። እንደዚያ ረጅም ጊዜ ቆማ አታውቅም። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች፤ ፊቴን ልታይ ፈለገች። ፊቴን ወደ ብረቱ አዞርኩት። የተከዳ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ለማሳየት ደግሞ አልፈለግሁም። ከታች እንደ ልቅሶም እንደ ሳቅም ያለ አንድ ድምፅ ሰማሁና ጫማዋ እየተንኳኳ ሄደ። «ይበልሽ» አልኩ በሆዴ። ያን ጊዜ ደስ ያለኝ መስሎኝ ነበር።

ዓርብ ስትመጣ አየኋት፤ ቢጫ ሻርፕ አድርጋለች። ቅዳሜ እያንጎራጎረች አለፈች። አንድ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተጋጨን፤ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ልክ ሚስጥር እንዳለን ሁሉ፣ ፈገግ አለችልኝ። ሆዴ ጨርሶ ሻከረ። እንዴት ቢቀላት ነው! ሸክም እንደወረደለት ሰው ነው የምትራመደው። ለካ ያን ያህል ከብጃት ኖሯል አልኩ። ሰላምታዋን ሳልመልስ ገመዴን መጠቅለል ቀጠልኩ።

እሁድ ቱታዬን አጥቤ መስኮቱ ላይ ሰቀልኩ። የምኖርባት ክፍል አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ብርጭቆ አላት። ሁለተኛ ብርጭቆ ገዝቼ ነበር፣ መልእክት በምትልክልኝ ሰሞን፤ ከነመጠቅለያው አልጋ ሥር ነው ያለው። ስድስት ሰዓት ሲሆን የጎረቤት ሳህንና ማንኪያ ይሰማል፤ የአንዱ ልጅ አልበላም ይላል፣ እናቱ ትለምነዋለች። በጀርባዬ ተኝቼ የጣሪያውን ምስማር ስቆጥር ራሴን አገኘሁት። «አሁን ያለ እኔ በሰላም ምሳቸውን እየበሉ ነው» አልኩ፤ ለማን እንደምናገር ባላውቅም ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

ሰኞ ጠዋት ባለቤቱ አስጠሩኝ። በዚያ ኮሪደር፣ በገዛ እግሮቼ ሥር አልፌ ገባሁ። ሽማግሌው ከጠረጴዛቸው ኋላ ናቸው፤ ፊታቸው እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነው።

«ተቀመጥ» አሉኝ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ።

«መቆሙ ይሻለኛል።»

«ተቀመጥ አልኩህ! ወንበር ምን አድርጎሃል?» ቁጭ አልኩ። «እስቲ ንገረኝ፣ ትናንት ቤቴ ውስጥ ስንት ወንበር ባዶ ነበር?»

«እኔ በምን አውቄ፣ ጌታዬ።»

«አንድ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማንም እንዳይነካብኝ ብላ እጇን መደገፊያው ላይ አድርጋ ጠበቀችህ። እናቷ ወጡን ሁለት ጊዜ አሞቀች።»

«እኔን… እኔን ነው የጠበቀችው?»

«የለም፣ ዘበኛውን!» ብለው ጮኹና መሳቢያቸውን ስበው አንድ ፎቶ ወረወሩልኝ። ሦስተኛው ብረት ነው። የእኔ ጠመኔ፣ የእኔ ጠማማ ፊደል። ድሮኗ ያነሳችውን አሳጥባው ኖሯል።

«ይኼን አምጥታ ሳህኔ አጠገብ ዘረጋችው። ‹አንተ ጦጣ የምትለው ሰው ነው የጻፈልኝ› አለች። አየሁትና ‹ልጄ፣ እንግዲህ ይቅር፣ ይብቃን ነው የሚልሽ፣ ምን ታደርጊዋለሽ› አልኳት። ሳቀችብኝ፣ አንተ! ‹አባዬ፣ የገዛ ፋብሪካህን አታውቀውም› አለችኝ። ‹እዚያ ላይ ይቅር ማለት ጤነኛ ነው፣ ባለበት ይጽና፣ ዕድሜ አለው ማለት ነው› አለች። ለአንዲት ቃል ብላ ስትስቅም ስታለቅስም አየኋት። እኔ ክፉ ሰው ልሆን እችላለሁ፣ የተማርኩም አይደለሁም። በትከሻዬ ቆርቆሮ ተሸክሜ ነው የጀመርኩት። ግን ያንን አይቼ እምቢ የምል ድንጋይ አይደለሁም። ‹ይምጣ› አልኩ። እሺ አልኩልህ እኮ! ቀረህ።»

ሃያ ሜትር ላይ ተንጠልጥዬ ዞሮብኝ የማያውቀው ራሴ ወንበር ላይ ተቀምጬ ዞረብኝ። ፎቶውን አገላብጬ አየሁት፤ ጀርባው ላይ ሌላ ነገር የተጻፈ ይመስል። ቢጫው ሻርፕ ትዝ አለኝ። እንጉርጉሮዋ። አንገቷን ሰበር አድርጋ የሳቀችልኝ ሳቅ። እኔ ስጥላት እሷ ታጭታ ኖሯል።

«የት ናት?» አልኩ። ድምፄን አላወቅሁትም።

«ታች ዕቃዋን እያሸገች ነው። ወደ ሁለተኛው ፋብሪካችን ልሂድ ብላለች። እኔ ሂጂ አላልኳትም፤ ይኼንንም በእኔ እንዳታሳብብ።»

ደረጃውን ስወርድ ውሸቱ ተሰናድቶ ጠበቀኝ። «አሞኝ ነበር» ማለት ብቻ ነው። ሰው ይታመማል። ቃሉማ ስለ እኔ አስቀድሞ ዋሽቶልኛል፤ እኔ ዝም ብዬ «አዎ፣ እንዳነበብሽው ነው» ማለት ብቻ ይጠበቅብኛል። ዕድሜ ልኬን የለመንኩት ነገር በአንዲት ትንሽ ውሸት ማዶ ቁጭ ብሏል።

አዳራሹ ጥግ መሬት ላይ ተንበርክካ የጥንዚዛዋን ክንፎች አንድ በአንድ እየነቀለች ሻንጣ ውስጥ ትደረድራለች። ቀና አለች። ዓይኗ አብጧል።

«እንደምን አደሩ?» አለችኝ።

አደሩ። «አንተ» የሚለውን ከእኔ ላይ ወሰደችው። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

«ደህና» አልኩ።

«ታመው ነበር?» አለች። ድምፅዋ ይለምናል። አዎ በለኝ፣ እባክህ አዎ በለኝ ይላል። እሷ ራሷ ውሸቱን በእጇ ይዛ ታቀብለኛለች። ያኔ ነው ያልቻልኩት። ለሌላ ሰው እዋሽ ነበር።

«አልታመምኩም።»

«ታዲያ?»

«የጻፍኩት… አንቺ እንዳነበብሽው አይደለም። ይብቃን ለማለት ነው። እንደ መሬት ሰው ነው የጻፍኩት።»

እጇ ላይ ያለው ክንፍ መሬት ወደቀ።

«አንተ አይደለህ እንዴ ያስተማርከኝ?» አለች፤ «አንተ» ስትል እሷም አልታወቃትም። «በሙሉ አፍህ! ዕድሜ አለው ብለህ!»

«እኔ ነኝ።»

«ፊትህን ልየው ብዬ ሳዞራት ዞርክብኝ። አፍሮ ነው አልኩ። ትልቅ ሰውዬ ሲያፍር እንዴት ደስ ይላል አልኩ።» በእጇ ጀርባ አፍንጫዋን ጠረገች። «ምን አደረግሁህ?»

«ማክሰኞ ፈገግ አልሽ።»

«የቱ ማክሰኞ?»

«ስብሰባው ላይ። ‹ሰው አያስፈልግም› ብለሽ ጻፍሽ። አባትሽ ጦጣ ሲሉኝ ሰው ሁሉ ሳቀ። አንቺም ፈገግ አልሽ።»

ግንባሯን ቋጥራ ለማስታወስ ሞከረች። እኔ ስድስት ሌሊት አብሬያት የተኛሁት ፈገግታ እሷ ዘንድ አልነበረችም። ጨርሶ አልነበረችም።

«አባቴን ፈርቼ ይሆናል» አለች በመጨረሻ። «ጎኔ ያለው ሰው ስለሳቀም ይሆናል። እንጃ። ሰው አያስፈልግም ያልኩት ግን ከዚያ ገመድ ላይ እንድትወርድልኝ ነው። ቀኑን ሙሉ ፊትህን እጄ ላይ ይዤ፣ ከፊትህ በታች ባዶ አየር ሳይ እኮ ነው የምውለው። አንድ ቀን ስክሪኑ ላይ ባጣህስ? ታች የምትሠራበት ቦታም ጠይቄልህ ነበር፤ ብሎን እየሰማህ ሌሎችን የምታስተምርበት።»

«ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ብትጠይቀኝስ?»

ከዚያ ዓይኔን አይታ ጠየቀችኝ፣ ዳኛ እንደሚጠይቅ ሳይሆን መንገድ እንደጠፋበት ሰው ቀስ ብላ።

«ፈገግ ባልል ኖሮ ትመጣ ነበር?»

አዎ ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ያቺ አንድ ብርጭቆ፣ ያ የተንጠለጠለ እግር፣ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ስሰበስብ የኖርኩት ቂም ሁሉ ቀደመኝ። እሷ ሳትወለድ የጀመርኩት ነገር ነው።

«እንጃ» አልኩ። «ሌላ ነገር አገኝብሽ ነበር መሰለኝ።»

ራሷን ነቀነቀች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ምን ነበረበት? የወደቀውን ክንፍ አንስታ ቦታው አስቀመጠች፣ ሻንጣውን ዘጋች፣ ተነሳች። አጠገቤ ስትደርስ ቆም ብላ እጅጌዬ ላይ ያለውን አቧራ እንደ ሚስት ሁለት ጊዜ አራገፈችልኝ። ሄደች። «ቆዪ» የምትለዋ ቃል ሁለት ፊደል ናት። እስከ በሩ ድረስ በዓይኔ ተከተልኳት፤ መኪናው ሲነሳ ሰማሁ፤ ያቺ ቃል አሁንም አፌ ውስጥ ነበረች።

የምሳ ደወል ተደወለ። ሠራተኛው ሳህን ሳህኑን ይዞ ተሰለፈ። ፎርማኑ አየኝና ሰልፉ ውስጥ ክፍተት ፈጥሮ «ና እንጂ ጦጣዬ፣ እዚህ ግባ፣ ቦታ ይዤልሃለሁ!» አለኝ። ገባሁ። እንደ ልማዴ የሰዉን ፊት አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ፤ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት። የበደለኝን ሰው ነበር የምፈልገው።

«ምነው፣ ማን ጠፋብህ?» አለኝ ፎርማኑ።

ማንም አልነበረም። አንድ እንኳ። ሳህኔን ይዤ ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ቆምኩ፤ ሃያ ሜትር ላይ ለብቻዬ በዋልኩባቸው ዓመታት ሁሉ እንደዚያ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።